ትዳር ሲፈርስ ልጅ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



«በጾም መጽሐፍ ላይ ስለ ፍቺ ምን ተብሎ ይጻፋል?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጾም የጸሎት፣ የስግደትና የምጽዋት ጊዜ ነው፤ የፍቺ ነገር ለፍርድ ቤት ደጃፍ ይቅር ሊባል ይችላል። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር። እሑድ ጠዋት በቅዳሴ ጊዜ ነጠላችንን አጣፍተን ጎን ለጎን ስንቆም ሁላችንም አንድ እንመስላለን። ከመካከላችን ግን ትዳሩ የፈረሰበት አለ፤ ሊፈርስበት የተቃረበ አለ፤ ልጇ ትዳር ፈትታ የልጅ ልጅ ይዛ የምታሳድግ አያት አለች። በሮቢትም ሆነ በቆቦ፣ በጎብዬም ሆነ በወልድያ ነገሩ ያው ነው። ጾሙ የሚያገኘን እንዲህ እንዳለን ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይዘን እንሄዳለን። ባልና ሚስት ሲለያዩ ልጁ የማን ነው? የእናት ነው? የአባት ነው? ጥያቄው የሕግ ጥያቄ ይመስላል፤ ሕጉም ስለዚህ የሚለው አለው። ከሕጉ በፊት ግን የነፍስ ጥያቄ ነው። መልሱን ከወዲሁ እንናገረው፦ ልጁ የእግዚአብሔር ነው፤ እናትና አባት ባለ አደራዎች ናቸው። ይህን ሁላችንም በአፋችን እንለዋለን። በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ግን ቀስ ብለን ማየት ያስፈልጋል።

የልብ ድንዳኔና ሕግ

ፈሪሳውያን ጌታችንን ሊፈትኑት ቀርበው ሰው ሚስቱን መፍታት ይገባው እንደሆነ ጠየቁት። እርሱም ወደ መጀመሪያው፣ ወደ ፍጥረት መለሳቸው። ወንድና ሴት አድርጎ የፈጠራቸው አምላክ አንድ ሥጋ እንዳደረጋቸውና ያንን አንድነት ሰው ሊለያየው እንደማይገባ ነገራቸው። «ታዲያ ሙሴ የፍቺ ጽሕፈት ስጡ ያለው ለምንድን ነው?» ብለው ሲመልሱለት፣ ሙሴ የፈቀደው በልባቸው ድንዳኔ ምክንያት መሆኑን፣ ከጥንት ግን እንዲህ እንዳልነበረ አስረዳቸው (ማቴ. 19፥3-9)።

ይህን ቃል ብዙ ጊዜ የምናነበው ፍቺ ክፉ መሆኑን ለማስረዳት ነው፤ ትክክልም ነው። ግን አንድ ሌላ ነገር እናስተውል። ሙሴ ያንን ጽሕፈት የሰጠው (ዘዳ. 24፥1) ፍቺን ወዶት አይደለም። ያለ ወረቀት ከቤት የተባረረች ሴት ሚስትም ሳትሆን፣ ነፃም ሳትሆን በመካከል ትቀር ነበር። ወረቀቱ ለደካማዋ መጠለያ ሆነ። ልብ ሲደነድን ጉዳቱ የሚያርፈው ደካማው ላይ ነውና ሕግ ደካማውን ለመከለል ይቆማል።

የዛሬውም የቤተሰብ ሕግ በዚህ ዓይን ቢታይ መልካም ነው። ሕጉ ፍቺን አያመሰግንም፤ «ኑ ተፋቱ» አይልም። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ግን ፍርስራሹ ማን ላይ እንደሚወድቅ ይመለከታል። ፍርስራሹ የሚወድቀው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ልጁ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶችን እናርም። አንዳንዱ «እኛ በተክሊል ነው የተጋባነው፤ ፍርድ ቤት አይመለከተንም» ይላል። ይህ ልክ አይደለም። በሀገራችን የቤተሰብ ሕግ ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ይፈጸም፣ በማዘጋጃ ቤት ወይም በባህል፣ የፍቺው ምክንያትና ውጤት አንድ ነው። ሌላው ደግሞ «ፍርድ ቤት አፋትቶኛል፤ ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ምን አገባት?» ይላል። ይህም ልክ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጹ ስለ ጋብቻና ስለ መፍረሱ የሚናገረው አለ፤ በቁርባን የተጋባ ሰው ወደ ነፍስ አባቱ ሳይቀርብ ጉዳዩ በእግዚአብሔር ፊት አልቋል ብሎ ማሰብ የለበትም። ፍርድ ቤቱ የሚመለከተው ንብረቱን፣ ቀለቡን፣ የልጆቹን ሁኔታ ነው። የነፍስ አባት የሚመለከተው ነፍስን ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሽርም።

«ቅዱስ ጳውሎስ እኮ ወንድም ወንድሙን በዳኛ ፊት መክሰሱን ነቅፏል» የሚልም አይጠፋም። አዎን፣ የቆሮንቶስን ምእመናን በመካከላችሁ የሚያስታርቅ አንድ አስተዋይ እንኳ ጠፋን ብሎ ወቅሷቸዋል (1ኛ ቆሮ. 6፥1-8)። ግን ያው ጳውሎስ ፍትሕ ሊጓደልበት በተቃረበ ጊዜ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25፥11)። ለራሱ መብት መተው ጽድቅ ይሆንለታል። የልጅን እንጀራ መተው ግን የራስን መብት መተው አይደለም፤ የልጁ ነውና። አስተዋይ ሽማግሌ ተገኝቶ የልጁን ድርሻ ካስጠበቀ እሰየው። ካልተገኘ እናት ወይም አባት ስለ ልጅ ብሎ ፍርድ ቤት መቆሙ ኃጢአት አይሆንበትም።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ለሽምግልና ዳኞች ሰጥቶ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ከጸደቀ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። አንቀጽ 34 ወንድና ሴት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻ ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ወጣ፤ የአማራ ክልል ደግሞ የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አጸደቀ። ፍቺን የሚወስነው እንግዲህ ፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌዎች ማስታረቁን ይሞክራሉ፤ ማፋታቱ ግን የዳኛው ነው። ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን የፍርድ ቤት ውሳኔ አይሆንም። ይህን ባለማወቅ ተፋትቻለሁ ብሎ ዓመታት የሚቀመጥ አለ።

ወደ ፍርድ ቤት የሚኬድባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ሁለቱም ተስማምተው ሲቀርቡ ነው፤ ሁለተኛው አንዳቸው አቤቱታ ሲያቀርቡ ነው። በሁለቱም መንገድ ዳኛው መጀመሪያ ያነጋግራቸዋል፤ ይመክራቸዋል። በፌዴራሉ ሕግ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው እንደ መጉላላት ይቆጥረዋል። ክርስቲያን ግን የንስሐ ጊዜ አድርጎ ሊጠቀምበት ይገባል። ተስማምተው ቢቀርቡም እንኳ ስምምነታቸው የልጆቹን ጥቅም በበቂ ሁኔታ ካልጠበቀ ዳኛው ዝም ብሎ አያጸድቀውም፤ የልጆቹን ነገር ራሱ ሊወስን ይችላል። ባልና ሚስት በንብረት ላይ እንደ ፈለጉ ሊስማሙ ይችላሉ። በልጅ ላይ ግን ሁለቱ ስለተስማሙ ብቻ ነገሩ አያልቅም። ለምን? ልጁ በመካከላቸው የሚከፈል ሀብት ስላልሆነ ነው።

ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ቀለባቸው፣ ትምህርታቸውና ጤናቸው እንዴት እንደሚሸፈን፣ አብሯቸው የማይኖረው ወላጅ እንዴት እንደሚጠይቃቸው አብሮ ይወስናል። በዚህ ጊዜ የሁለቱን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ያያል። የቀድሞው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጅ 5 ዓመት እስኪሞላው ከእናቱ ጋር ይሁን ይል ነበር። የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ የዕድሜ መሥመር አላሰመረም። «ሕፃን ስለሆነ በቀጥታ የእኔ ነው» ማለትም፣ «ስሜን ስለሚጠራ የእኔ ነው» ማለትም በዳኛው ፊት ብቻውን አያዋጣም። ዳኛው የሚጠይቀው ለልጁ የሚበጀው የትኛው እንደሆነ ነው። ሁኔታ ሲለወጥ ውሳኔውም እንደገና ሊታይ ይችላል።

ይህ ሐሳብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል። ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለውም ይናገራል። መብቱ የማን ተባለ? የልጁ። ብዙዎቻችን «የማሳደግ መብቴ»፣ «የማየት መብቴ» እያልን እንሟገታለን። ሕጉ ግን ነገሩን ከልጁ በኩል ይጀምረዋል።

አንድ የታወቀ የፍርድ ምሳሌ እናንሣ። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድ ጉዳይ ወሰነ። ልጁን ለዓመታት ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። እናቱ ስትሞት፣ ሳያሳድገው የኖረው አባት ሕጉ በሕይወት ላለው ወላጅ ይሰጣል ብሎ ሞግዚትነቱን ጠየቀ። የሥር ፍርድ ቤቶች አባት ነውና ይገባዋል አሉ። ሰበር ሰሚ ችሎቱ ግን የሕፃኑ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ውሳኔውን ሻረው። የሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ ነው። ስለዚህ ይህ ፍርድ የአንድ ቤተሰብ ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም። መውለድ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ወልዶ አለመገኘት ግን ልጁ ላይ የባለቤትነት ወረቀት አያሰጥም።

የሰሎሞን ሰይፍ

አሁን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንመለስ። ሁለት ሴቶች አንድ ሕፃን ይዘው በንጉሥ ሰሎሞን ፊት ቆሙ (1ኛ ነገ. 3፥16-28)። ሁለቱም የእኔ ነው አሉ። ምስክር የለም። ንጉሡ ሰይፍ አስመጥቶ ሕፃኑ ለሁለት ተከፍሎ ለእያንዳንዳቸው እኩሌታው ይሰጣቸው ብሎ አዘዘ። አንደኛዋ ይከፈል አለች። ሁለተኛይቱ ግን አንጀቷ ተላውሶ ልጁ በሕይወት ይኑር እንጂ ለእርሷ ይሰጣት ብላ ለመነች። ንጉሡም እናቲቱ ይህች ናት ብሎ ፈረደ።

ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ የንጉሡን ጥበብ እናደንቃለን። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ በየቤታችን ሕፃን ስንት ጊዜ እንደሚከፈል አስተውለሃል? ባልና ሚስት ሲለያዩ አንዱ በሬ ለእርሱ፣ አንዱ ለእርሷ ይሆናል። ማሽላው በቁና ይሰፈራል፤ የቤቱ ቆርቆሮ ይቆጠራል። ይህ የጋራ ሀብት ነውና በእኩል መካፈሉ ፍትሕ ነው። ከዚያ ግን በዚያው ቁና ልጆቹን መስፈር ይጀመራል። «ወንዱ ለአባቱ፣ ሴቷ ለእናቷ» ይባላል። በአንድ መደብ አብረው ያደሩ ወንድምና እኅት በአንድ ቀን ይለያያሉ። ይህን የሚፈርደው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ እኩል ያካፈለ መስሎት ነው። ሰሎሞንም እኮ እኩል ነበር ያለው! እኩል መካፈሉ ለበሬው ፍትሕ ነው፤ ለልጁ ግን ሰይፍ ነው።

ልጅ የሚከፈልበት ሌላም መንገድ አለ። ሰይፉ አይታይም እንጂ ይቆርጣል። «አባትህ እንዲህ ያለ ነው» እየተባለ የሚያድግ ልጅ አለ። «እናትሽ ጥላሽ የሄደች ናት» እየተባለች የምታድግ አለች። ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት ወሬ እንዲያመላልስ የሚላክ፣ «ማን መጣ? ምን ገዛች?» ተብሎ የሚመረመር ሕፃን አለ። ልጁ ከሁለቱም ሥጋ የተከፈለ ነውና አንዱን ስትሰድበው ግማሽ ሥጋውን ትሰድበዋለህ። እርሱም ይህን ያውቀዋል፤ ዝም ይላል እንጂ።

ሌላው ደግሞ የሐሰት ምስክርነት ነው። ልጁን ለመርታት ሲባል ያልሰከረው ሰካራም፣ ያላጠፋችው ጋለሞታ ተብላ ይመሰከርባታል። ጎረቤትም በመስቀል ምሎ ይመሰክራል። ሰሎሞን ሰይፍ ያስመጣው እውነቱን የሚነግረው ምስክር ስላልነበረው ነው። ዛሬ ዳኛው ሰይፍ የለውም፤ የሚፈርደው እኛ በነገርነው ነው። በልጅ ጉዳይ በሐሰት የመሰከረ ሰው ስሙን ያጎደፈው ወላጁን ብቻ አይደለም፤ የሕፃኑንም ቤት አጥፍቷል።

ታዲያ «እውነተኛዋ እናት ትተው» ማለት ነው? አይደለም። ሰሎሞን ልጁን ለተወችው መለሰላት እንጂ ለጨከነችው አልሰጠም። ታሪኩ የሚያስተምረን ስለ መሸነፍ አይደለም። በሙግት መካከል ቆመን ራሳችንን እንድንጠይቅ ነው፦ እኔ የምፈልገው ልጁን ነው ወይስ ማሸነፉን? እርሷ ልጁን እንዳታገኝ ነው የምሟገተው ወይስ ልጁ ደኅና እንዲያድግ? ይህን ጥያቄ ዳኛው አይጠይቀንም። ጾሙ ግን ይጠይቀናል።

ቀለብና ጾም

እዚህ ላይ በደንብ እናስተውል። ለልጅ የሚሰጠውን መተዳደሪያ ሕጉ «ቀለብ» ይለዋል። ቀለብ ምግብ ነው፤ ልብሱም፣ ሕክምናውም፣ ደብተሩም በዚያ ውስጥ አለ። የሚወሰነውም በሁለት ነገር ተመዝኖ ነው፤ በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም። ድሃ እንደ ድህነቱ፣ ባለጸጋም እንደ ሀብቱ ይሰጣል። ቀለብን ያለ በቂ ምክንያት መንሣት ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል።

አሁን አንድ ሰው በዓይነ ኅሊናችን እንሣል። በጎሊና ውኃ ሽንኩርት ያለማል፤ ዘንድሮ ደኅና ሸጧል። ዐቢይ ጾም ሲገባ 55ቱን ቀን አጥብቆ ይጾማል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ሥጋውንና ቅቤውን እርም ብሏል። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ማሠሪያ ሲጠየቅም እጁ ፈጣን ነው። ከፈታት ሚስቱ ጋር ያለው ልጁ ግን ስድስት ወር ሙሉ ከእርሱ ቤሳ አላየም። ቤተ ክርስቲያናችን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ሕፃን ጹም አላለችም። ይህ አባት ግን አስጾመው። የእርሱ ጾም በትንሣኤ ይፈታል፤ የልጁ ጾም መፍቻው መቼ ነው?

ነቢዩ ኢሳይያስ እግዚአብሔር የሚመርጠውን ጾም ሲዘረዝር ለተራበ መቁረስን፣ የታረዘን ማልበስን ይጠራና በመጨረሻ ከሥጋ ዘመድ ፊትን አለመሠወርን ይጨምራል (ኢሳ. 58፥7)። ከልጅ የቀረበ የሥጋ ዘመድ ማን አለ? ሐዋርያው ጳውሎስም ለቤተ ሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ፣ ከማያምንም እንደሚከፋ ይናገራል (1ኛ ጢሞ. 5፥8)። እነዚህ ቃላት «ትዳሩ እስካልፈረሰ ድረስ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የላቸውም። ሚስት ትፈታ ይሆናል፤ ልጅ ግን አይፈታም።

«ገንዘቡን እኮ እርሷ ነች የምትበላው!» ይባላል። እሺ፣ ይህ ጥርጣሬ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን መፍትሔው መከልከል ነውን? ደብተሩን ገዝተህ ስጥ፤ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ራስህ ክፈል፤ እህሉን በሽማግሌ ፊት አስረክብ። ፍርድ ቤት የወሰነው ካለ ውሳኔውን በራስ ፈቃድ አትለውጥ፤ እዚያው ሂደህ ይስተካከልልኝ በል።

«ልጁን አታሳየኝም፤ ለምን እከፍላለሁ?» የሚልም አለ። እርሷ ደግሞ «ሳይከፍል ለምን አሳየዋለሁ?» ትላለች። እኅቴ ሆይ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ሁለታችሁም የምትከለክሉት የልጁን ነው። እንጀራውም የእርሱ ነው፤ አባቱን ማየቱም የእርሱ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፉ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ9ኛው አንቀጹ፣ ለጥቅሙ የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፣ ከወላጁ የተለየ ሕፃን ከሁለቱም ጋር ዘወትር የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል። አንዱ ወላጅ ቢበድል የሌላው በደል አይጸድቅም። በልጁ ላይ አደጋ ካለ፣ ዱላ ወይም ሌላ ክፉ ነገር ካለ፣ ያን ጊዜ ዝም አይባልም፤ ለዳኛ ማመልከት ነው። ለቂም መያዣነት ግን ልጅን መደበቅ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት አይጸድቅም።

ከሩቅ ያለች እናት፣ ከቅርብ ያለች አያት

በራያ ቆላ የፍቺ ነገር ሲነሣ የዐረብ አገርን ጉዞ መርሳት አይቻልም። ትዳሯ ፈርሶ፣ የሚበላ ጠፍቶ ወደ ሳዑዲና ወደ ሌላውም ዐረብ አገር የሄደች እናት ብዙ ናት። ልጇን ለእናቷ ሰጥታ ነው የሄደችው። አባትም አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ በሌላ ትዳር ሊሆን ይችላል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦንና አካባቢዋን ባናወጠ ጊዜም ብዙ ቤተሰብ ተበታትኖ፣ ሕፃናት በአያትና በዘመድ እጅ ወድቀዋል።

ለእነዚህ አያቶች፣ አክስቶችና የእንጀራ አባቶች መጽሐፍ ቅዱስ ታላቅ መጽናኛ አለው። አረጋዊው ዮሴፍ በሥጋ ያልወለደውን ጌታ ሊጠብቅ በሌሊት ተነሥቶ ወደ ግብፅ ተሰደደ (ማቴ. 2፥13-15)። አደራውን ሲወጣ «የማን ልጅ ነው?» ብሎ አላጉረመረመም። ሕፃን የሚያሳድግ ሁሉ በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ለሩቋ እናት ደግሞ እንዲህ እንላለን። ገንዘብ መላክሽ መልካም ነው፤ ግን ድምፅሽንም ላኪ። ለአያትም እንላለን፦ የልጅሽን የቀድሞ ባል ብትጠዪው እንኳ የልጅ ልጅሽን አባት ስም አታጥፊበት። ሕፃኑ ታሞ ሐኪም ቤት ቢሄድ፣ ትምህርት ቤት ቢመዘገብ፣ በስሙ የሚፈርም ያስፈልገዋልና አሳዳሪነቱንና ሞግዚትነቱን በፍርድ ቤት ማስተካከልም አይናቅ። ወረቀቱ ለክስ ሳይሆን ለልጁ ከለላ ነው።

አብርሃም አጋርንና ልጇን በሸኘ ጊዜ በምድረ በዳ ውኃው አለቀ፤ እናትም ልጇ ሲሞት ላለማየት ርቃ ተቀምጣ አለቀሰች። ያን ጊዜ በሰማይ የተሰማው የብላቴናው ድምፅ ነበር (ዘፍ. 21፥14-19)። በትልልቆቹ ጠብ መካከል የሕፃኑን ድምፅ የሰማ አምላክ ዛሬም ይሰማል። እኛስ? ከፍ ያለ ልጅ ሲሆን «አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው ሽማግሌ ስንት ነው?

ለሽማግሌዎችና ለክርስትና ወላጆች

በራያ ምድር ሽማግሌ ደም ያደርቃል። የተጋደሉ ወገኖችን በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል። ይህ ክቡር ሥራ ነው። ሰላም መፍጠር የሚያውቅ ሽማግሌ በትዳር ጉዳይ ሲቀመጥ ሦስት ነገር ያስብ። አንደኛ፣ ዱላ ያለበትን ቤት «ቻይው» ብሎ ብቻ አይመልስ፤ ዕርቅ ማለት ተበዳይን ዝም ማሰኘት አይደለም። ሁለተኛ፣ ዕርቁ ካልሆነ ከበሬውና ከቤቱ አስቀድሞ የልጆቹን ነገር ያንሣ። ሦስተኛ፣ ውሳኔው ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲጸድቅ ይምከር፤ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ የሚወጣው ጥቂት ብር ለነገ ጠብ መከላከያ ነው።

ክርስትና አባትና ክርስትና እናትም በጥምቀት ዕለት የተቀበላችሁት አደራ እንዲህ ላለው ቀን ነው። ወላጆቹ ሲጣሉ ከአንዱ ወገን ሆናችሁ አትሟገቱ፤ ከልጁ ጋር ቁሙ። እሑድ ይዛችሁት ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፤ ቆርቦ እንዲያድግ እርዱት። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበርተኞችም ስለ ፈታች ሴት ከማውራት ይልቅ ለልጇ እህል ብትሰፍሩላት ጾማችሁ ይሰምራል።

ገብር ኄር

የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል። በዚያ ዕለት ጌታቸው መክሊት ሰጥቷቸው ወደ ሩቅ አገር የሄደባቸው አገልጋዮች ይታሰባሉ (ማቴ. 25፥14-30)። ሁለቱ የተሰጣቸውን አበዙት፤ ሦስተኛው ቀበረው። ሲጠየቅም ጌታው ጨካኝ ስለሆነ ፈርቶ እንደቀበረው ተናገረ፤ ጥፋቱን በሌላው አመካኘ።

ልጅ መክሊት ነው። ትዳር ሲፈርስ መክሊቱን በቂም አፈር የሚቀብር ብዙ ነው። በመጨረሻው ቀን «ልጁን የት አደረስኸው?» ስንባል «እርሷ ክፉ ስለነበረች ነው»፣ «እርሱ ስለከዳኝ ነው» ማለት ያዋጣን ይሆን? ያ ሦስተኛው አገልጋይ ምክንያቱ አልጠቀመውም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በዚህ ጾም ትዳራችሁ የቆመላችሁ አመስግኑ፤ ለመፍረስ የተቃረበ ካለ ንስሐ አባትና ሽማግሌ ዘንድ ሳይመሽ ድረሱ። የፈረሰባችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ፤ የእግዚአብሔር ደጅ አልተዘጋባችሁም። ከሆሳዕና በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። የቀለብ ውዝፍ ያለበት ይክፈል፤ መላው ባይሞላለት ግማሹን ይዞ ይሂድ። ልጅ የደበቀች ታሳይ። ክፉ ስም ያወጣ ልጁን ጠርቶ «እናትህን አክብር»፣ «አባትህን አክብር» ይበለው። ፋሲካ ሲደርስ በሁለት ቤት የሚገድፍ ሕፃን ቢሆንም እንኳ፣ በሁለቱም ቤት ሳይሸማቀቅ ይግደፍ።

ሰላምን የሚወድ አምላክ የፈረሰውን ይጠግንልን፤ ልጆቻችንን በቸርነቱ ይጠብቅልን። የእመቤታችን ምልጃ አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።